የማሚቶ ልምምድ

ስልኩ አልቆም አለ። በሻምፖ ጠርሙስ ብታስደግፈው ይንሸራተታል፤ በቢጉዲን ሳጥኑ ብታስደግፈው ጣሪያውን ብቻ ያሳያል። በመጨረሻ ሁለት ፎጣ ጠቅልላ መሀላቸው ስትሸጉጠው ቀጥ ብሎ ቆመና የገዛ ፊቷን አሳያት። ማሚቶ ዓይኗን ሰበረች። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ የምትውል ፀጉር ሠሪ የራሷን ፊት ማየት ከጠላች ሰንብታለች።

«ብርሃኑን ከኋላሽ አታድርጊው፤ ጥላ ብቻ ትሆኛለሽ» አለች ታላቅ እህቷ፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት። ለዚህ ጉዳይ ስትል ነው ቤቱን ዛሬ ከሰዓት የዘጋችው። «ደግሞ ያንን የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ወደዚያ ግፊው። ራስሽ ላይ የተደፋ ይመስላል።»

«እኔስ የት ልቀመጥ?» አለች ሁለቱንም ያሳደገቻቸው አክስታቸው።

«አንቺማ ቤት ነው የምትቀመጪው፣ እትዬ።»

«ከካሜራው ውጭ፣ እዚች ጥግ። ሹራቤን እየሠራሁ። ትንፍሽ አልልም።»

«የጥንዶች አማካሪዋ ቪዲዮው ላይ ሁለቱ ብቻ ይሁኑ ብለዋል። ሌላ ሰው እንዳይኖር።»

«እኔ ሌላ ሰው ነኝ? እኔ አሳዳጊ ነኝ!»

በሌላ ቀን ቢሆን ማሚቶ ይህችን አባባል እዚያው ቀምታ፣ አገጯን እንደ አክስቷ ወደ ላይ ቀስራ፣ ሹራብ የሚሠሩትን ጣቶች ሳይቀር አስመስላ ትደግማትና ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ስሟም የወጣው ከዚህ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምራ የሰማችውን ድምፅ ሁሉ እንደ ገደል ማሚቶ መልሳ ስለምታሰማ፣ ቤተሰቡ «ማሚቶ» እንዳላት ቀረ። ዛሬ ግን አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እዚህ ያደረሳት ይኸው አፏ ነው።

«ከንፈርሽን ትንሽ ቀለም ቀቢው» አለች እህቷ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ከንፈሬን ልቀባ?»

«እሺ ይቅር። መስታወቱንስ? በየት በኩል ብትቀመጪ ከኋላሽ ይታያል። በአንሶላ እንሸፍነው?»

ማሚቶ ዞር ብላ አየችው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳውን የሞላ ረጅም መስታወት ነው።

«ተይው» አለች። «ይየው። የሰቀለው እሱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያንን መስታወት የሰቀለው አንድ መስታወት ቆራጭ ነበር። ሊለካ የመጣ ቀን ሜትሩን ዘርግቶ ወደ እህቷ ዞረና «ከ... ከ... ከ...» አለ። የሚንተባተብ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሊረዳው ተረባረበ። «ከግድግዳው?» አለች እህቷ። «ከበሩ?» አለች ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው ደንበኛ። «ከሰዓት በኋላ?» አለች ሌላዋ። ሰውየው ለእያንዳንዷ ራሱን እየነቀነቀ ላብ አጠመቀው።

ማሚቶ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቆማ አየችው።  መንገድ ላይ ጓደኛው የጫማውን ክር እስኪያስር ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሳትቸኩልና ሳታዝንለት፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው።

«ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል?» አለ በመጨረሻ፤ የጠየቀው እሷን ነበር።

ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ «ሳይንጋደድ አይቀርም» እያለ መመላለስ አበዛ። መስታወቱ አልተንጋደደም። ይህንን አክስቷም አውቃለች፣ ደንበኞቹም አውቀዋል። የማያውቅ ቢኖር መስታወቱ ራሱ ነው።

«ሰው ሁሉ ቃሌን ይጨርስልኛል» ብሏት ነበር፣ አብረው ሻይ መጠጣት በጀመሩ ሰሞን። «አ... አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ተሳስቶ። አንድ ቀን ሱቅ ሄጄ ሻ... ሻ... ስል ባለሱቁ ሻማ አወጣልኝ። የፈለግኩት ሻይ ቅጠል ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«ሻማውን ገዛሁ። ቤቴ ያ... ያልፈለግኩት ዕቃ ሞልቷል።»

ስቃ እስክታበቃ ጠበቃትና ቀና አለ። «በራሴ አፍ ጠ... ጠርቼ ያገኘሁት ነገር ቢኖር አንቺ ነሽ።»

ለጋብቻም የጠየቃት በራሱ አፍ ነው። ከሥራ ሲመለሱ፣ እግረኛ መንገድ ላይ፣ ሰው እየገፋቸው ሲያልፍ ነበር። ቃሉ መጀመሪያው ላይ ያዘው። ዓይኑን ጨፈነ፣ የሱሪውን ስፌት ጨበጠ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ። ማሚቶ ምን ሊል እንደሆነ ታውቃለች፤ መልሷንም ታውቃለች፤ ቢሆንም ጠበቀች። «ታገቢኛለሽ?» ሲል ሁለቱም አለቀሱ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን የተከበረችበት ቀን አልነበረም።

ያንን ቀን ነው የሸጠችው፤ በአንድ ራት ሳቅ።

እህቷ ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። ሠርጉ ቀርቧልና ወሬው ሁሉ ስለሱ ነው። «ለመሆኑ ያ ቆራጭ እንዴት አድርጎ ጠየቀሽ? ሳይመሽባችሁ ጨረሰ?» አለች አክስቷ። ማሚቶ ብድግ አለች። ሰው ሲስቅላት ሆዷን የሚያሞቃት ነገር አለ፤ ያ ሙቀት ከሩቅ ጠራት። ዓይኗን ጨፈነች፣ የቀሚሷን ስፌት ጨበጠች፣ «ታ... ታ... ታ...» አለች። አውቶቡሱንም ጨመረችበት፣ ቆሞ ሰው አራግፎ ሲሄድ። አክስቷ ከወንበር ልትወድቅ ደረሰች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያን ቀን ግን ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ለአክስቷ የቆረጠላትን የእጅ መስታወት በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ። ሰው ዞር ብሎ ሲያየው እየሳቀ ነበር። ገብቶ ተቀመጠ፣ በላ፣ አመስግኖ ሄደ። በማግስቱ «ሠርጉን ለጊዜው እናቆየው» የሚል መልእክት በስልኳ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ስትደውል አያነሳም፤ በጽሑፍ ይመልሳል። አፍራ አፍራ፣ አንድ ቀን ዓይኗን በጨው አጥባ ሱቁ ድረስ ሄደች። ሰፊ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መስመር እያሰመረ ነበር። ወንበር ሳበላት። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «እሺ» አላት፤ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ። የማሚቶ ልብ የተሰበረው ያኔ ነው። «እሺ» ምላሱን ይዞት የማያውቅ ቃል ነው። ለማያውቃቸው ደንበኞች፣ ለሚቆጡ ሹፌሮች፣ ቶሎ እንዲተዉት ለሚፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ የሚሰጠው ቃል ነው። እሷም ከነሱ ተርታ ገባች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

በኢንተርኔት ጥንዶችን የሚያማክሩትን ሴት ፈልጋ ያገኘችው እህቷ ናት። አማካሪዋ በስልክ አንድ ነገር አጥብቀው አዘዟቸው፤ እያንዳንዳቸው ያኛው ያደረገውን ትተው ራሳቸው ያደረጉትን በገዛ አፋቸው ለመናገር ተዘጋጅተው ይምጡ። እሱም ለማሚቶ የጻፈላት አጭር ነበር፦ «አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ካልሆነ ሁለታችንም እንረፍ።»

ያቺ አንድ ጊዜ እንግዲህ ዛሬ ናት።

«በይ፣ ቀደም ብለሽ ገብተሽ ሊንኩን ሞክሪው» አለች እህቷ ቦርሳዋን አንስታ። «በኋላ ኔትዎርክ እንዳያዋርድሽ።»

ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ፣ አለች ማሚቶ በልቧ።

አክስቷ ወደ ኋላ ቀረት አለች። የማሚቶን ኮሌታ እንደምታስተካክል ሆና ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማሚቶዬ፣ የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩትም እኔ ነኝ። በኔ አሳብቢው። አሮጊት ናት፣ አፏ አያርፍም፣ እሷ ናት ያስነሳችኝ በያቸው። እኔ ምን ይቀርብኛል?»

ያቺን የእጅ መስታወት አክስቷ ከነወረቀቷ አልጋዋ ሥር እንዳስቀመጠቻት ማሚቶ ታውቃለች። አንድም ቀን አውጥታ አላየችባትም።

«እሺ እትዬ» አለች። አክስቷ ግንባሯን ስማት ወጣች።

ብቻዋን ስትቀር ሊንኩን ነካችው። ስክሪኑ ትንሽ አሰበና ገባ። ማንም የለም፤ የራሷ ፊትና ከበስተኋላዋ ያ ረጅም መስታወት ብቻ። ይሠራል ማለት ነው። ያ ፊት አፍጥጦ ሲያያት ግን አልቻለችም። ስልኩን አንስታ ፎጣው ላይ በፊቱ ደፋችው። ሰዓቱ ገና ነው።

ማሚቶ ለከባድ ነገር የምትዘጋጀው በአንድ መንገድ ነው፤ ያለውን ሰው ሁሉ ራሷ ሆና በመጫወት። የሙያ ፈተናዋን ስትወስድ ፈታኙንም ደንበኛዋንም ሆና ነው የተለማመደችው። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠችና በአንዱ ተቀመጠች።

መጀመሪያ አማካሪዋን ሆነች። በስልክ የሰማችው ድምፅ ወፍራምና ረጋ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሙሉ ብርጭቆ በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ። «እሺ፣ ልጆቼ። ማን ይጀምር?»

ከዚያ ራሷን ሆነች። «እኔ ልጀምር። ያው መግባባት ላይ ትንሽ ችግር አለብን።»

«ምን ዓይነት ችግር?»

«ቤተሰባችን ጨዋታ ይወዳል። እንደ ቀልድ ነው የተጀመረው...» ቃሉ አፏ ውስጥ ኮመጠጠ። ተወችውና በሌላ በኩል ጀመረች። «አክስቴ ናት። አፏ አያርፍም። ተነሺ ስትለኝ...» አልጋ ሥር የተቀመጠችው መስታወት ትዝ አለቻት። «የለም። አክስቴን ምን በወጣት።»

ተነስታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱን ልትሆን ነው። ምን ሊላት እንደሚችል ካላወቀች እንዴት ትዘጋጃለች? ሳታስበው እጇ የሱሪዋን ስፌት ጨበጠ። ያው ራቱ ላይ ስፌት የጨበጠው እጅ ነው። ቢሆንም ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

«እኔ የ... የምለው... በ... በ... በ...»

እዚያ ላይ ቆመ። ራቱ ላይ ቀላል ነበር፤ የቃሉን መጨረሻ እሷም ታውቀዋለች፣ ሰዉም ያውቀዋል፣ ሳቁም ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። አሁን ግን ከዚያች ከ«በ» ቀጥሎ ምን እንዳለ አታውቅም። «በጣም ተከፋሁ» ሊሆን ይችላል። «በቃኝ» ሊሆን ይችላል። በቃኝ ቢልስ?  ማንም በማይስቅበት ክፍል ውስጥ አንዲት ፊደል አፏ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። እንዲህ ነው እንዴ? አለች በልቧ። በየሱቁ፣ በየመንገዱ፣ በየቀኑ እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?

ከወንበሩ ወርዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

«ማንም አላስገደደኝም» አለች ለባዶው ወንበር፤ አሁን የማንንም ድምፅ አልተዋሰችም። «ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል፤ ለዚያ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። የጠየቅከኝ ቀን የኔና ያንተ ብቻ ነበር፤ አውቶቡሱን ሳይቀር አውጥቼ ለሰው መሳቂያ አደረግኩት። ብትጠላኝ ይገባኛል። ግን ድምፅህ ናፈቀኝ። ያንን “እሺ” የሚለውን አይደለም። የሚይዝህን፣ የምጠብቀውን ድምፅህን ነው።»

ከፎጣው ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ማሚቶ ወደ ፎጣው ዞረች።

«ማ... ማ... ማሚቶ» አለ የተደፋው ስልክ።

ገልብጣ ስታነሳው ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በእንባ የታጠበ ፊቷ አለ፤ በሌላው እሱ። ከኋላው መስታወቶች ተደርድረዋል። ፀጉሩን ተቆርጧል፣ ሸሚዙን ተኩሷል፣ የላይኛዋን ቁልፍ ሳይቀር ቆልፏታል። ሰው ፊት መናገር ሲኖርበት ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ አፉን ከቦታው ጋር ለማላመድ ነው። ይህንን ጠባዩን ከማሚቶ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ግን ከሀፍረቷ ብዛት ትዝ አላላትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለኸው?»

«ከ... ከ...»

ጠበቀችው።

«ከ “ማን ይጀምር” ጀምሮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፊቷ ፍም መሰለ። «ደገምኩት!» አለች። «በጆሮህ፣ ሁለተኛ ጊዜ! እኔ እኮ አልድንም። ዝጋው፤ ግድ የለም፣ ዝጋውና ሂድ።»

አልዘጋውም። 

«ያቺ “በ” ያልሻት» አለ። «ም... ምን ልል ነበር?»

«አላውቅም።»

«ገምቺ።»

«አልገምትም» አለች እንባዋን በፎጣው እየጠረገች። «ያንተን ቃል እኔ አልጨርስም።»

አቀረቀረ። አዲስ የተቆረጠው ፀጉሩ ብቻ ታያት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች እንጂ ድምፅ አልሰማችም። ቀና ሲል ዓይኑን ጨፍኗል፤ እጁ ከስክሪኑ በታች ምን እንደጨበጠ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

«በ... በ... በ...»

ማሚቶ ጠበቀች። በቃኝም ቢል ትጠብቃለች፤ ቃሉ የሱ ነው።

«በ... በራሴ ነው ያፈርኩት።»

«አንተ? አንተ ደግሞ ምን አደረግክ?»

«ሳቅኩ።» ይኸኛው አልያዘውም። «በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰው ገና ሳ... ሳያየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሊስቅብኝ ሲል ቀድሜ እስቃለሁ፤ እንዳያዝኑልኝ። ካንቺ ወዲህ ትቼው ነበር። ያን ቀን አ... አቁሙ፣ ይሄ የኛ ነው ማለት ሲገባኝ አብሬ ሳቅኩበት። አንቺ ሸጥሽው፤ እኔ ደግሞ መ... መረቅኩበት።»

ማሚቶ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ከዚያ ደግሞ ክፉ ነገር አሰብኩ» አለ። «ስትጠብቂኝ የኖርሽው አይተሽ ለ... ለመቅዳት መሰለኝ።»

«ስጠብቅህ አንተን ነው የምጠብቀው» አለች። «የቀዳሁህ በኋላ ነው። እሱ ነው ጥፋቴ። ጥበቃዬ ግን ውሸት አልነበረም።»

ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ሰ... ሰማሁ። ያን ያህል ዝም ስትዪ ሰማሁ። ከዚያች “በ” በኋላ ምን እንዳለ ሳታውቂ።»

  እሱ የሷን ያበጠ ዓይን ያያል፤ እሷ የሱን እስከ ላይ የተቆለፈ ሸሚዝ ታያለች።

በመሀላቸው ሦስተኛ ፊት ብቅ አለ፤ መነጽር ያደረጉ ሴት። ወፍራም፣ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«እሺ፣ ልጆቼ። ማን ይጀምር?»

ልክ እንደዚያው ነበር። ማሚቶ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አላጎደለችም ኖሯል። እሱ አፉን በእጁ ያዘ። እሷ ፎጣውን ነከሰች። ምንም አልረዳቸውም፤ ሳቁ አመለጣቸው።

«ደህና ናችሁ?» አሉ አማካሪዋ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«ደህና ነን፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እኔ ልጀምር» አለች ማሚቶ።

ጀመረችም። በራሷ ድምፅ፣ ከራቱ አንስታ፣ አውቶቡሱንም የዛሬውን ልምምድም ሳትደብቅ ተናገረች። ጆሮዋ ድረስ ነደደች፤ ቢሆንም ካሜራውን እያየች ጨረሰችው። የአክስቷን ስም አላነሳችም።

ተራው የሱ ሆነ። ለማሚቶ የነገራትን ለአማካሪዋ ይደግማል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

«ታ... ታ... ታ...»

«ታግሼ ነበር ልትል ነው?» አሉ አማካሪዋ በደግነት። «ወይስ ታዲያ...»

ማሚቶ እጇን ወደ ካሜራው አነሳች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱ ይጨርሰዋል።»

አማካሪዋ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ከፀጉር ማጠቢያው ቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ማሚቶ እጇን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ቀን እግረኛ መንገዱ ላይ እንደጠበቀችው ጠበቀችው።

«ታገቢኛለሽ?»

መልሱን ድሮም ታውቀዋለች። የስንቱን ሰው ድምፅ ሲመልስ የኖረ አፏ ግን የራሷን ቃል ይዞ አለቅም አለ። እንባውም ሀፍረቱም ደስታውም አንድ ላይ መጡባት።

«እ...» አለች። «እ... እ...»

«እሺ በ...» የሚል ድምፅ ከበሩ ኋላ ተሰማና ወዲያው ታፈነ። የእህቷ መዳፍ የአክስቷን አፍ ሳይይዝ አልቀረም።

እሱ ግን አልጨረሰላትም። ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ሳይቸኩልና ሳያዝንላት፣ ጠበቃት።